ዘበኛውን ያሰናበተው ካሜራ ማን

ኮምፒዩተር በዳንቴል የምናለብስ ሕዝብ ነን። ሱቃችንን ስንዘጋ እንደ ሙሽራ እናከናንበዋለን፤ ጠዋት ገልጠን እፍ እንልበታለን፤ ከዚያ ከማን ኪስ እንደወጣ የማይታወቅ ፍላሽ ያለ አንዳች ሐፍረት እንሰካበታለን። ቫይረስ ማለት ከአቧራ ጋር በመስኮት የሚገባ ነገር የሚመስለው ባለሱቅ ሐዋሳን ሞልቷታል። ፋይሉ ሲጠፋበት ማራገቢያውን ያስጠርጋል፤ ፋይሉ ሳይመለስ ሲቀር ደግሞ ጠራጊውን ይሰድባል።

ሕዝቅያስ ከነዚህ ወገን አልነበረም። ቢሆንማ ስቀን እንተወው ነበር። ሰውየው ያውቅ ነበር። እያወቀ ነው ያደረገው።

የወላይታ ሶዶ ልጅ ነው። ሐዋሳ የመጣው ዘመዱን በፎቶ ቤት ሊያግዝ ነበር፤ ዘመድየው ወደ እህል ንግድ ሲዞር፣ ካሜራውና መናኸሪያ አጠገብ ያለችው ጠባብ ክፍል ለሕዝቅያስ ቀሩለት። በሩ ላይ በቀይ ቀለም «ትዝታዎ በእኛ እጅ ነው» ብሎ አጻፈ። መፈክር ይወዳል። መፈክር የሚወድ ሰው የጻፈውን መልሶ አያነብም።

በከተማው ወንጌላውያን ዘንድ ሰርግ ካለ ሕዝቅያስ አለ። ሙሽሮቹን ሐይቁ ዳር ያንበረክካል፣ ዛፍ ያስደግፋል፣ ከኋላቸው አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ የሐይቅ ወፍ ቆሞ ሥዕሉን ሲያበላሽበት በጠጠር ያባርራል። ጉዱማሌ አደባባይ ላይ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ሲከበር ሽማግሌዎቹን በክርን ገፋ አድርጎ ፊት የሚቆም እሱ ነው። ካሜራ የያዘ ሰው በዚህ አገር ትንሽ ንጉሥ ነው፤ የሙሽራዋ አባት እንኳ ልጁን የሚስመው እሱ ሲፈቅድለት ነው፤ መሳሙ ካልተዋጣለት ያስደግመዋል።

ሙያው ያስተማረው ሁለት ልማድ ነበረው። ንግግር ሊጀመር ሲል መድረክ መሪውን በዓይኑ ይጠራውና ሕዝቡ ስልኩን እንዲያስቀምጥ ያስነግራል። «ካሜራ ማን አለልን ወገኖች፣ አትጋርዱ» ይባላል፤ ወገኖችም ይታዘዛሉ። ሌላው ልማድ ሲያቀናብር የሚያደርገው ነው፦ የሰውን ድምፅ አጥፍቶ መዝሙር ይጭንበታል። የሙሽራዋ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ የሚሰማው ግን ኪቦርድ ነው። የተመልካቹን ልብ እንዲነካ ነው ይላሉ። ሰው በሰው ቃል ሊነካ ይችላል ብሎ የሚያምን ካሜራ ማን ገና አልተወለደም።

ወይዘሮ ፍቅርተ ልጃቸውን ሳያትን የዳሩት እንዲህ ባለ ሰርግ ነው። ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ጠብሰው እየሸጡ ብቻቸውን ያሳደጓት ልጅ ናት። ሳያት ማይክ ይዛ እናቷን ለማመስገን ስትነሣ፣ እናትየው አዳራሹ ውስጥ አልነበሩም። ከጀርባ ቅቤ የጠገበው የቆጮ ምግብ፣ ቡርሳሜው፣ ሳይቀዘቅዝ እንዲቀርብ፣ ቅቤውም ወደ አስተናጋጆቹ ቤት እንዳይሄድ ሲሟገቱ ነበር። ሲመለሱ የደረሱት ጭብጨባው ላይ ነው። ምን አለች ብለው ቢጠይቁ፣ ግድ የለም በቪዲዮ ያዩታል ተባሉ።

ቪዲዮው መጣ። ሳያት ትናገራለች፣ የሚሰማው መዝሙር ነው። እናት ብዙም አልከፋቸው፤ ልጅቷ እዚሁ አለችና አንድ ቀን ትነግረኛለች አሉ። ሳያት ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ሁለቴ አይባልም፣ ወጥ ቤት ማን ሂጂ አለሽ እያለች ታበሽቃቸው ነበር። ሳትነግራቸው በወሊድ ሞተች።

ከሐዘኑ በኋላ ወይዘሮ ፍቅርተ ሰርጉ ላይ የነበረውን ሰው ሁሉ ጠየቁ። ሁሉም ውብ ንግግር ነበር አላቸው። ውብ! ሰው ያላዳመጠውን ነገር የሚጠራበት ቃል ነው። የሳያት ባል ስለ ዕለቱ የሚያስታውሰው ጫማው እንደጠበበው ብቻ ነው፤ ይህን ሲናገር ራሱ አፍሮ አለቀሰ፣ እሳቸውም ተዉት። በስልኩ የቀዳ ሰው ተፈለገ። የለም፤ አስቀምጡ ተብለው አስቀምጠዋል። ለመልካም ነገር ስናዘዝ እንለግማለን፣ ለዚህ ዓይነቱ ግን እንደ ሠራዊት ነን።

ስለዚህ ወደ ሕዝቅያስ መጡ። ክፍሏ በር ላይ ቆመው፣ ነጠላቸውን ሰብስበው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁት።

«ሕዝቄ፣ መዝሙሩ ሳይገባበት በፊት የነበረው አለህ ወይ? ድምጿ ያለበቱ?»

«አለ እትዬ። እኔ ጋ ምንም አይጠፋም።»

እውነቱን ነው። በዚያን ቀን ነበረ። ኮምፒዩተሩ ላይ ነበረ፣ ለመጠባበቂያ ብሎ በገዛው ሃርድ ዲስክም ላይ ነበረ። ወደ ፍላሽ ገልብጦ እጃቸው ላይ ለማስቀመጥ፣ ከጎረቤት ያዘዘው ሻይ እስኪደርስ ድረስ እንኳ አይፈጅም። ግን የእኛ ባለሙያ እንዴት ጥሬ ነገር ይስጥ? ስሙስ? ከበስተጀርባ የሳህን ኳኳታ አለ፣ ሕፃን ይጮኻል፣ አንድ አጎት ያስላል። አጽድቼ፣ አሳምሬ ነው የምሰጥዎት አላቸው። እሳቸው ማማር እንዳልፈለጉ ነገሩት። ግድ የለም ይተዉልኝ አለ። ተዉለት።

ድምፅ ለማጽዳት ደግሞ የነበረው ፕሮግራም አልበቃውም። ኤልናታን የሚባል፣ በሰርግ ገበያ የሚፎካከረው በቤተ ክርስቲያን ግን አብሮት የሚዘምር ሌላ ካሜራ ማን አለ። አዲስ የቅንብር ፕሮግራም በፍላሽ ይዞለት መጣ፦ ሕፃኑን ዝም ያሰኛል፣ አጎቱን ከሳል ይፈውሳል፣ የተናጋሪውን ድምፅ እንደ ሬዲዮ ያጠራል። ባለቤቶቹ የሚጠይቁበት ዋጋ ስለማይቀመስ ከጎኑ ክራክ አለው። ክራክ ማለት ፕሮግራሙን ገንዘብ የተከፈለበት አስመስሎ የሚከፍት ትንሽ ፋይል ነው፤ የሠራውን አታውቀውም፣ ለምን በነጻ እንደሰጠህ አትጠይቀውም፣ ደግሞ አመሰግናለሁ ትለዋለህ።

ከክራኩ ጋር መመሪያ ነበረ። የመመሪያው የመጀመሪያ ትእዛዝ «አንቲቫይረስህን አጥፋ» ይላል።

እስቲ ቆም ብለን እንየው። የማታውቀው ሰው በርህን አንኳኩቶ፣ ስጦታ አመጣሁልህ፣ ግን መጀመሪያ ዘበኛውን አሰናብትልኝ ቢልህ ምን ትላለህ? ድንጋይ ታነሣለህ። ኮምፒዩተር ላይ ሲሆን ግን እሺ ጌታዬ ትላለህ። በከተማችን ሳይንስ እንደሚታመነው አንቲቫይረስ ክራክን የሚያጠፋው በቅናት ነው፤ ከኩባንያዎቹ ጋር ተመሳጥሮ ነው፤ ድሀ እንዳይሠራ ነው። ይህን የሚሰብኩልን ወጣቶች በየጥገና ቤቱ ተቀምጠው ብሎን እየፈቱ ነው። ዘበኛው ሌባ አየሁ ብሎ ሲጮኽ፣ እኛ ዘበኛውን ምቀኛ እንለዋለን።

ሕዝቅያስ የጫነው አንቲቫይረስ የምር ነበር። ገንዘብ ከፍሎበታል፣ ይኩራራበታልም፤ ሌሎች ካሜራ ማኖች ፍላሽ ሲሰኩበት «ቆይ ይፈተሽ» እያለ ያሳፍራቸዋል። ያን ዕለት ቀይ ማስጠንቀቂያ ወጣበት። ዘጋው። ደግሞ ወጣ። ትንሽ አሰበ፤ ከዚህ በፊት አድርጌው ምን ሆንኩ አለ። በአገራችን ብዙ ነገር የገደለ ዓረፍተ ነገር ነው። አንቲቫይረሱን አጠፋውና ክራኩን ከፈተ። የመጠባበቂያው ሃርድ ዲስክ በዚያ ሰዓት የት ነበር? እዚያው ጎኑ ተሰክቶ። መሳቢያ ውስጥ ተነቅሎ እንዲቀመጥ ነበር የተገዛው፤ ግን በየጊዜው መንቀልና መሰካት ይሰለቻል፣ ኬብሉም ይላላል፣ ስለዚህ እንደ ቤተኛ ተሰክቶ ይውላል ያድራል።

ፕሮግራሙ ግሩም ሆኖ ተከፈተ። ሕዝቅያስ ደስ ብሎት ለአንድ የምርቃት ቀረጻ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ሲመለስ የፋይሎቹ ሥዕል ሁሉ ነጭ ሆኗል። በየስማቸው ጫፍ የማይነበብ ጅራት በቅሏል። አንዱን ቢጫነው አልከፈትም አለ፤ ሌላውም፤ ሌላውም። ገጹ መሃል በእንግሊዝኛ መልእክት ተቀምጧል፦ ፋይሎችህን ቆልፈናል፣ ቁልፉ እኛ ጋ ነው፣ ክፈልና እንከፍትልሃለን። ያኔ ዘሎ ሃርድ ዲስኩን ነቀለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። በመጠባበቂያው ላይ ያለውም ሰርግ፣ ምርቃት፣ ለቅሶ፣ የሕፃናት ምርቃት ጸሎት ሁሉ ያው ጅራት በቅሎበታል።

ወዲያው አንቲቫይረሱን መልሶ አበራው። ዘበኛውም ከሥራው በመባረሩ ሳይቀየም ተነሥቶ ቫይረሱን ያዘው፣ አጠፋውም። ፋይሎቹ ግን እንደተቆለፉ ቀሩ። ለኤልናታን ደውሎ ምን ጉድ ነው ያመጣህብኝ አለው። ኤልናታን ከልቡ ደነገጠ።

«እኔ እኮ ገና አልጫንኩትም» አለ። «አንተ ጎበዝ ስለሆንክ ቀድመህ እንድታየው ብዬ ነው።»

ዲስኩን ይዞ ወደ ሮማን ሄደ። ሮማን በዩኒቨርሲቲው ኮምፒዩተር የምታስተምር ናት፤ ሰርጓን እሱ ነው የቀረጸላት። ስታየው ብዙ አልፈጀባትም። ነገሩን እንደ ተማሪ አስረዳችው፦ ቫይረስ ሁሉ አንድ አይደለም፣ አንዳንዱ ይሰልላል፣ አንዳንዱ ያበላሻል፣ ይኼኛው ደግሞ አያጠፋም፣ ይቆልፋል። ያገኘውን ሁሉ ይቆልፋል፤ የተሰካ ዲስክ ካለ እሱንም፣ በኔትወርክ የተያያዘ ካለ እሱንም። ሌባውን ማጥፋት ቁልፉን አይመልስም፤ ቁልፉ ያለው በላኪዎቹ እጅ ነው። ብትከፍላቸው እንደሚከፍቱልህ የሚያስገድዳቸው ነገር የለም፤ የሚቀጥለውን ሰው የሚዘርፉበትን ስንቅ ግን ታዋጣላቸዋለህ። አንዳንዴ ተመራማሪዎች ለእንዲህ ያለው መፍቻ አግኝተው በነጻ ይለቃሉ፤ ለዚህኛው ፈለገች፣ እስካሁን የለም። ዲስኩን ግን እንዳትጠርገው፣ ምናልባት ከዓመታት በኋላ ይገኝ ይሆናል አለችው።

ከዚያ የመጠባበቂያው ጉዳይ መጣ። ተሰክቶ ነበር አላት።

«ትርፉን ቁልፍ እዚያው በሩ ላይ ሰክተህ ወጣህ በለኛ።»

«አዎ።»

«የእኔስ ሰርግ?»

«ያንቺም ሮሚ።»

ሮማን ከዚያ በኋላ ስለ መፍቻ አላወራችም።

አሁን ሰውየው ቀጥ ብሎ አሞራ ገደል ወርዶ ለወይዘሮ ፍቅርተ መንገር ነበረበት። አልነገረም። ቅንብር ላይ ነው አለ። መብራት አስቸግሮኝ ነው አለ። ኮምፒዩተሩ ትንሽ አሞት ነው አለ፤ እሳቸውም ይማርልህ አሉት። በመጡ ቁጥር ትኩስ ዓሣ በወረቀት ጠቅልለው ያመጡለታል። ይቀበላቸዋል፤ ሲሄዱ ግን ለጎረቤት ሻይ ቤት ይሰጣል። ሻይ ቤቱ በእሱ ኃጢአት ምሳ ይበላል። ለቤተ ክርስቲያን የጸሎት ቡድን ስለ አንድ የተዘጋ ነገር ጸልዩልኝ ብሎ ሲጠይቅ፣ ያላገባ ሰው ነውና የትዳር በር መስሏቸው በርትተው ጸለዩለት። እስከ ዛሬም አንዲት እህት በዚያ ጸሎት ምክንያት ሰላምታዋን አሙቃለች።

በዚህ መሃል ግን ሕዝቅያስ እንከን የማይወጣለት ሰው ሆነ። የሚጠቀምበትን ፕሮግራም ከፍሎ ገዛ፤ የማይችለውን በነጻ በሚሰጠው ሕጋዊ ተካው። ማሻሻያ ሲመጣ «በኋላ» የምትለዋን አይነካም። ያልተፈተሸ ፍላሽ አያስጠጋም። ቀረጻ በጨረሰ ቁጥር ወደ ዲስክ ይገለብጣል፣ ይነቅላል፣ መሳቢያ ይቆልፍበታል፤ ሌላ ቅጂ ደግሞ ታቦር ክፍለ ከተማ እህቱ ቤት አለው፤ ሱቁ ቢቃጠል እንኳ የሚተርፍ። እንዲህ ማድረግ ከባድ ነው? አይደለም። ከሻይ የሚተርፍ ጊዜና ትንሽ ትዕግሥት ነው። አሁን ማንም የማይፈልገውን የትላንት ሰርግ ሁሉ እንደ ታቦት ይጠብቃል። የተፈለገችው አንዲት ንግግር ግን በተቆለፈው ዲስክ ውስጥ ቀርታለች።

በመጨረሻ እውነቱን እንዲናገር ያስነሣው ሌላ ሰው አይደለም፣ ወይዘሮ ፍቅርተ ራሳቸው ናቸው። አንድ ቀን መጥተው፣ አሳምረህ ካልጨረስክ እንዲሁ አሰማኝና ልሂድ፣ ሳላዳምጥ ልሞት ነው አሉት፤ በቀልድ። ነገ አመጣለሁ አላቸው። በማግስቱ ባጃጅ ይዞ፣ ባዶ እጁን ሄደ።

አሞራ ገደል የጠዋቱ ዓሣ ከጀልባ ወርዶ ተከፋፍሏል። ወይዘሮ ፍቅርተ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ዓሣ ይሰነጥቃሉ። ሲያዩት ፈገግ አሉ፣ ቀጥሎ እጁን አዩ፣ ቀጥሎ የሸሚዙን ኪስ አዩ። ፍላሹን እየፈለጉ ነው።

ነገራቸው። ከቫይረስ ጀመረ፣ ወደ ቁልፉ ሄደ፣ ከባሕር ማዶ ስላሉት ሌቦች፣ ስለ ሮማን፣ ከዓመታት በኋላ ሊገኝ ስለሚችለው መፍቻ። ሐኪም የሚለውን እንደሚሰማ ሰው እስከ መጨረሻው አዳመጡት። ሲጨርስ አንድ ነገር ብቻ እንዲገባቸው ፈለጉ።

«ሌባው ነው የገባው፣ አንተ ነህ ያስገባኸው?»

«እኔ ነኝ እትዬ። ጠባቂውን አጥፍቼ።»

«ለምን?»

«ድምጿን ላሳምርልዎት ብዬ።»

ቢላዋውን አስቀመጡ።

«ድምጿ ምን ጎደለው?»

ይህን ጥያቄ ከሙያው ሰዎች አንዱ ቢመልሰው ደስ ይለን ነበር፤ እስካሁን አልሰማንም።

እሳቸው ግን ገና አልተዉትም። ያን ቀን ጆሮህ ላይ ትልቅ ማዳመጫ አድርገህ አይቼሃለሁ አሉት። እዚያ ከነበረው ሰው ሁሉ አንተ ነህ አጠገቧ፣ ጆሮህ ውስጥ ነው የተናገረችው፤ ምን አለች?

አሰበ። ምንም ሳይደብቅ፣ ከልቡ አሰበ። የድምፅ መለኪያው ወደ ቀይ ዘልሎ እንደነበር ትዝ አለው። የመብራቱ ወዝ ጉንጯ ላይ አስቸግሮት እንደነበር ትዝ አለው። ማራገቢያ ይጮኽ ነበር። ቃሏ ግን የለም። እየተቀዳ ያለን ነገር ማን ያዳምጣል? ማሽኑ ያስታውሳል ብሎ ጆሮውን ለማሽኑ አውሶ ቆሞ ነበር። በሰው ሰርግ እንዲህ ስንት ዓመት እንደቆመ ያን ጊዜ ነው የገባው።

ዝም ብሎ ሊሄድ ይችል ነበር። ዞሮም ነበር። ከዚያ አንድ ነገር መጣለት፤ ሲመጣለት ደግሞ ባልመጣልኝ ብሎ ተመኘ፤ ፊቱ ላይ ስላዩት ግን ሊደብቀው አልቻለም።

«ከመጀመሯ በፊት ዞራ ነበር» አለ። «ወደ በሩ። ማይኩ ክፍት ነው። "እማ የታለች? ትምጣና ልጀምር" አለች።»

ወይዘሮ ፍቅርተ አልተነቃነቁም።

«እኔ ነኝ በእጄ ጀምሪ ያልኳት» አለ። «ከካሜራው ዞራብኝ ነው። ጀምሪ፣ በቪዲዮ ያዩታል አልኩ።»

አንዲት ሴት ዓሣ ልትገዛ ቀርባ፣ ፊታቸውን አይታ ራቅ ብላ ቆመች። ወይዘሮ ፍቅርተ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ፣ አንዴ ጠርገው ደግመው ጠረጉ።

«ልትጠብቀኝ ነበራ» አሉ።

«አዎ እትዬ።»

«ቡርሳሜ እኮ ነው፤ ቢቀዘቅዝ ምን ነበረበት።»

ሕዝቅያስ ይቅርታ ያድርጉልኝ ብሎ ጀመረ፤ በእጃቸው ዝም አሰኙት። ይቅርታውን አላነሡትም፣ አልጣሉትም። ወደ ሐይቁ ትንሽ አዩና መለስ አሉ።

«እንዳለችው በለው እስቲ።»

አለው።

«ቀስ ብለህ። እሷ አትፈጥንም ነበር።»

ዓሣ ፈላጊው በርከት እያለ መጣ፤ ማንም ደፍሮ አልጠራቸውም። ሕዝቅያስ ፀሐዩ ላይ ቆሞ፣ በዚያ በሶዶ አነጋገሩ፣ ቀስ ብሎ፣ «እማ የታለች? ትምጣና ልጀምር» አለ።